አባቴ ያልቀመሰው የዋንጫ ሻይ

ሞያሌ ውስጥ ዓለም አቀፍ የጎልፍ ውድድር አለ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔም የአባቴ ልጅ ባልሆን ኖሮ እስቅ ነበር። ሞያሌ ስል የኬንያውን ማለቴ ነው። ከኬላው ማዶ ያለው ሌላው ሞያሌ የእናቴ አገር ነው፤ በእግር ተሂዶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ተመልሶ ይመጣል።

ሜዳው ከማንያታ ሰፈር ወደ ሄሉ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ቀይ አፈር፣ ጠጠር፣ እዚህም እዚያም ግራር። ለገበያ የሚነዱ ግመሎች የሚያርፉበት ቦታ ነበር፤ አሁንም ያርፉበታል። ሣር የሚባል ነገር የለውም። ዝናብ ጥሎ ትንሽ አረንጓዴ ነገር ብቅ ካለ ፍየሎቹ ከኛ ቀድመው ያዩታል። ይህን ሜዳ ነው አባቴ «ካንትሪ ክለብ» ብሎ የሰየመው። ክለብ ከተባለ ደግሞ ቤት ያስፈልገዋልና፣ ጎማ የሌላት የአሮጌ ከባድ መኪና ጋቢና አስጎትቶ ከአንዱ ግራር ሥር አስቀመጠ። አንዱ በሯ አይዘጋም፣ ሌላው አይከፈትም። ወንበሮቿ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ሌሎቻችን ውጭ፣ በአሮጌ ጎማ ላይ እንደረደራለን።

አባቴ ናይሮቢ ዳር ባለ አንድ ትልቅ የጎልፍ ክለብ ዕድሜውን በካዲነት ጨርሷል። ካዲ ማለት የተጫዋቹን የዱላ ከረጢት ተሸክሞ ከኋላው የሚከተል፣ ኳሷ የት እንደወደቀች የሚያይ፣ የቱ ዱላ እንደሚሻል የሚናገር ሰው ነው። በዚያ ክለብ በየዓመቱ ከየአገሩ የመጡ ተጫዋቾች የሚፎካከሩበት ውድድር ነበር። አባቴ ለዕረፍት ሲመጣ ስለዚያ ውድድር ማውራት ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። ሣሩን፣ አንድ ሰው ኳስ ሊመታ ሲዘጋጅ ሕዝቡ ትንፋሹን እንዴት እንደሚይዝ፣ ዋንጫው ከፍ ሲል ፎቶ አንሺዎቹ እንዴት እንደሚጋፉ፣ ሁሉንም ይነግረናል። አንድ ነገር ብቻ አያነሣም። እሱ ራሱ በውድድር ተጫውቶ አያውቅም። ክለቡ በሚዘጋበት ሰኞ ሰኞ ካዲዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸው ነበር። የሱ ጨዋታ ያችው ናት።

ጡረታ ወጥቶ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ አውቶቡሱ ጋ ቆሞ ጠበቀው። ከናይሮቢ ጠቅልሎ የሚመለስ ሰው ፍሪጅ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል። አባቴ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ያስወረደው አንድ ረጅም የቆዳ ከረጢት ነበር። ሲከፈት ዱላ ነው። እናቴ ዱላዎቹን አየች፣ አባቴን አየች፣ እንደገና ዱላዎቹን አየች።

«ዱላ?» አለች። «ሞያሌ ዱላ ጠፍቶ ነው ከናይሮቢ የምታመጣው?»

እውነቷን ነው። እዚህ አገር ዱላ ሳይዝ ከቤት የሚወጣ ሽማግሌ የለም።  አባቴ ግን በማግስቱ ጠዋት ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሄሉ ሜዳ ወጣ። የተሸከመው የራሱን ነበር፤ አካሄዱም ይህንኑ ይናገር ነበር።

ውድድሩን እኔ ነኝ የጀመርኩት የሚል ሰው ዛሬ በሁለቱም ሞያሌ ሞልቷል። እውነቱ እንዲህ ነው። እኔ ዋናው መንገድ ላይ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ከኢትዮጵያ ጭነው የሚመጡ ሹፌሮች የጉምሩክ ወረቀታቸው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ሲጠብቁ ዘይት ይቀይራሉ፣ ጎሚስታ ጋ ይሄዳሉ፣ ጥላ ይፈልጋሉ፣ ይሰለቻሉ። ከነሱ አንዱ፣ ድምፁ ከመኪናው ክላክስ የማይተናነስ ትልቅ ሰውዬ፣ አባቴን ሜዳው ላይ ብቻውን ወዲያ ወዲህ ሲል አየውና ተጠጋው።

«አባባ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለ።

«ምንም አልጠፋኝም። ኳሷን ጉድጓድ ልከታት ነው።»

«በእጅዎ ቢከቷትስ?»

«እሱማ ጨዋታ አይሆንም።»

ሹፌሩ እስቲ ልሞክር አለ። መታ፣ ሳተ። ደገመ፣ አፈር አነሣ። የዚያን ዕለት ረዳቱ እየሮጠ መጥቶ ወረቀቱ ማለቁን ሲነግረው «ቆይ!» ብሎ ጮኸበት። ወረቀቱ አልቆለት ቆይ የሚል ሹፌር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጉዞው ጓደኞቹን ይዞ መጣ።

ዱላው ስላልበቃ የማንያታ በያጆች በውኃ ቱቦ ጫፍ ላይ የባሌስትራ፣ የመኪና ሞላ ብረት፣ ቁራጭ እየበየዱ ሌላ ሠሩ። ኳስ ሲመቱባቸው ክንድ እስከ ትከሻ ይነዝራል፣ ግን ይሠራሉ። ጉድጓዶቹ መሬት ውስጥ የተቀበሩ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች ናቸው። ሣር ስለሌለን በየጉድጓዱ ዙሪያ አሸዋ ደልድለን የተቃጠለ ዘይት እናፈስበታለን። ዘይቱ አሸዋውን ስለሚያስረው ነፋስ አይወስደውም፣ ኳሷም ቀጥ ብላ ትንከባለላለች። «ጥቁሩ» እንለዋለን። ዘይቱ የሚመጣው ከዚያው ከሹፌሮቹ መኪና ነው፤ እኔ ሱቅ በር ላይ በጀሪካን ይጠራቀማል። ከመምታት በፊት የረገጥነውን በጣውላ መጥረግ ግዴታ ነው። ጫማ ይበላሻል። የሞያሌን ጎልፍ ተጫዋች ከሌላው ሰው የምትለዩት በጫማው ነው።

ደንቦቻችንም የኛው ናቸው። ግመል የረገጣት ኳስ ያለ ቅጣት ትነሣለች። ፍየል አፏ ያስገባቻት ኳስ ደግሞ ፍየሏ ከተፋችበት ቦታ ትቀጥላለች፣ ወደ ፊትም ትውሰዳት ወደ ኋላ። ድንጋይ ላይ ዱላ እንዳይሰበር እያንዳንዱ ሰው ቁራጭ ምንጣፍ ይይዛል። አዛን ሲሰማ ሁሉም ዱላውን ያስቀምጣል፣ ሰላት ያለበት ይሰግዳል፣ የሌለበት ጥላ ይፈልጋል፣ ከዚያ ከቆመበት ይቀጥላል።

አባቴ «ኢንተርናሽናል» የሚላትን ቃል ሲናገር ደረቱን ይነፋል። ሁለት አገር እስከተጫወተ ድረስ ዓለም አቀፍ ነው ባይ ነው፤ ማን ይከራከረዋል? በመጀመሪያው ዓመት ከወዲያ ማዶ ነጋዴዎችና ሹፌሮች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በኬላው በኩል ሲመጡ አንድ የኛ ባለሥልጣን አስቆማቸው።

«ሂ ኒ ኒኒ?» አለ፣ ምንድን ነው ይሄ ማለቱ ነው።

«ስፖርት» አለ ሹፌሩ።

ባለሥልጣኑ አንዷን ዱላ ተቀብሎ አገላበጣት። መሣሪያ አይደለችም፣ ዕቃ አይደለችም፣ ለከብት መንጃም አትሆንም። በአየር ላይ አንዴ ወዘወዛት፣ ደግሞ ወዘወዛት። ፊቱ ተቀየረ። ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርሙን አውልቆ ሜዳው ላይ ነበር። ዛሬ ከኛ ጎን ከሚጫወቱት ሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነው።

የዚያን ዓመት ውድድር ግን ያበላሸው ኬላ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። በጎልፍ ባነሰ ምት ኳሷን ጉድጓድ የከተተ ያሸንፋል፣ የአንተን ምት የሚቆጥርልህ ደግሞ ተጋጣሚህ ነው። እንዲህ ያለውን ደንብ ይዞ ወደ ሞያሌ መምጣት! አባቴ ማታ ውጤት ሲሰበስብ ጉድ አየ።

«ይህ ሰውዬ ስንት መታ?» ይላል።

«ሦስት» ይላል ከኛ ወገን የተጋጠመው።

«እኔ እኮ አየሁት። እሾህ ውስጥ ብቻ ስንት ጊዜ መታ!»

«እንዴ፣ ምዜ፣ እንግዳ እኮ ነው! አገር አቋርጦ የመጣን ሰው እሾህ ውስጥ ያለውን ልቁጠርበት?»

ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌው ማለት ነው፤ አባቴን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ወዲያ ማዶዎቹም በተራቸው የኛን ሰዎች ቀንሰው ነበር፤ ሜዳውን የሰጡን እነሱ፣ ፍየል ያረዱልን እነሱ፣ እንዴት እንጨምርባቸው ብለው። በመጨረሻ ሁሉም እኩል ወጣ። አባቴ ራሱን ይዞ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«በዚህ ውጤት» አለ፣ «የዓለም ሻምፒዮን ሞያሌ ቢመጣ መጨረሻ ይወጣ ነበር።»

ምት በጠጠር መቁጠር የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ተጫዋች ሁሉ የተጋጣሚውን ቆርቆሮ ይይዛል፤ ያኛው በመታ ቁጥር ቆርቆሮው ውስጥ አንድ ጠጠር ይጥላል። ጠጠሯ ቋ ስትል መሰማት አለባት። ጨዋታው ሲያልቅ ቆርቆሮዎቹ በጋቢናዋ ኮፈን ላይ ሰው ሁሉ እያየ ይገለበጣሉ። በአፍ ሲሆን ይቀንስ የነበረው ሰው ጠጠሯን ይዞ ሕዝብ ሲያየው መጣል ግድ ሆነበት። ውድድሩ ውድድር ሆነ። መጨቃጨቅ መጣ፣ መኳረፍ መጣ፣ አባቴ በደስታ አበደ።

ዋንጫችን ማንቆርቆሪያ ነው። ትልቅ፣ የአሉሚኒየም፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ። ያሸነፈው ሰው በዋንጫው ቀን የፈላውን ሻይ ለተሸናፊዎቹ በየተራ ይቀዳል። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ቤቱ ወስዶ እስከሚቀጥለው ዓመት ያስቀምጠዋል። አሸናፊው አይጠጣም፤ ደንቡ ነው፣ እሱ ዋንጫውን ይዟል፣ ሻዩ የተሸናፊዎቹ ነው። ሻዩን የምታፈላው እናቴ ናት፤ ለዚያ ቀን ብላ የግመል ወተትና ዝንጅብል አድርጋ፣ እንደ ሁልጊዜው አይደለም። በቤታችን አባቴ የሚጠጣው ጥቁር ሻይ ነው፤ የዋንጫውን ቀምሶት አያውቅም።

አያውቅም፣ ምክንያቱም ዋንጫው ከተጀመረ ወዲህ ሁልጊዜ አሸናፊው እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጠጠር ሌላውን ሰው ሁሉ እውነተኛ አድርጎታል፣ አባቴ ፊት ሲደርስ ግን የሰዉ እጅ ይታሰራል። ምዜ ነው፣ መሥራቹ ነው፣ ፀጉሩ ነጭ ነው። ከሱ ጋር የተጋጠመ ሰው አባቴ በመታ ቁጥር ወደ ቆርቆሮው እጁን ይሰዳል፣ ያስላል፣ ዞር ይላል፣ ጠጠሯ ተመልሳ ኪሱ ትገባለች። ራሱ ሲመታ ደግሞ በጥቁሩ ላይ ከጉድጓዱ ክንድ የማትርቅ ኳስ ይስታል። ሕዝቡም ያጨበጭባል። አባቴ ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ ይቀዳል፤ ፈገግ ይላል፣ ቤት ሲገባ ግን የማንቆርቆሪያውን አፍ ወደ ግድግዳ አዙሮ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል።

እኔ ይሉኝታ የሌለኝ ሰው ነኝ። ራሴን ማሞገሴ አይደለም፣ በዚህ ጉዳይ ከተማው ተስማምቷል። በዱቤ የወሰደን ሰው ሠርግ መሃል አስታውሳለሁ፤ ዘይት ሳይቀይር የሚነዳን ሹፌር ጓደኞቹ ፊት እሰድባለሁ። እናቴ ዓይን አውጣ ትለኛለች። ጎልፍም ከመጀመሪያው ጀምሬ እጫወታለሁ፤ ግን ንዴቴ ይቀድመኝና ዱላዬን ወርውሬ፣ ቅጣት ተቀጥቼ ሩቅ ሳልደርስ እወጣ ነበር።

ባለፈው ዓመት ውድድሩ ሊጀመር ባለበት ሰሞን አባቴ ሱቄ መጥቶ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። የግራ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ።

«ጠይቀኝ አባዬ።»

«ዘንድሮ ደርሰሽ ከኔ ጋር ብትጋጠሚ፣ ጠጠሬን ትጥያለሽ?»

ሣቅኩ። እሱ አልሣቀም።

«ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልደከመም» አለ። «ስመታ እሰማለሁ፣ ጠጠር ሲወድቅም እሰማለሁ። ደጋግሜ መትቼ አንዴ ብቻ ቋ ሲል ምን የሚሰማኝ ይመስልሻል? ዕድሜዬን ሙሉ ከረጢት ተሸክሜ ሰው ሲጫወት አየሁ። የራሴን ከረጢት ስይዝ ደግሞ እንደ ሕፃን ያባብሉኛል። አንድ ጊዜ በእውነት ልጫወት። ልሸነፍ፣ ላሸንፍ፣ ግድ የለኝም። ዓይኔ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ።»

በእጄ የነበረውን ፊልትሮ አስቀመጥኩ። 

«እጥላለሁ» አልኩት። «አንዷንም አልምርህም።»

ተነሥቶ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ዱላሽን አትወርውሪ እንግዲህ» አለኝ።

አልወረወርኩም። ጥርሴን ነክሼ ተጫወትኩ። ባለ ክላክሱን ሹፌር ጣልኩት፣ ያን የኬላውን ባለሥልጣን ደግሞ በጭንቅ። አባቴ በበኩሉ ሰዉ እያስነጠሰ እያሳለ ወደ ፍጻሜው ገፋው። አባትና ልጅ ለዋንጫ ደረሱ ተብሎ በሁለቱም ሞያሌ ተወራ። የወሬው ድምዳሜ ደግሞ አንድ ነበር፤ ልጅቱ ለአባቷ ትለቃለች፣ ያምራል።

የፍጻሜው ዕለት ጠዋት እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አባትሽን በሁለት አገር ሰው ፊት እንዳታዋርጂብኝ» አለች።

«እሱ ራሱ ነው የጠየቀኝ፣ እማዬ።»

«ሽማግሌ ስንት ነገር ይጠይቃል! ዓይኑ እየጠፋ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከዚህ በኋላ ይጫወት አይጫወት ማን ያውቃል? ዋንጫውን ይዞ ይቀመጥ። ካሸነፍሽው ቤቴ እንዳትመጪ።»

እናቴ ያንን ያለችው ስለምትወደው ነው። እኔም ስለምወደው ነው። ሁለታችንም ወደ ሜዳው ሄድን፣ እሷ ማንቆርቆሪያውን፣ እኔ ምንጣፌን ይዘን።

ሕዝቡ ከመንገዱ እስከ ግራሮቹ ሞልቶ ነበር። ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲ ነጂዎች ሞተራቸው ላይ ቆመው ያያሉ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢናዋ ውስጥ ተጨናንቀዋል። አባቴ የቆየ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ መጣ። የሱን ቆርቆሮ ያዝኩ፣ የኔን ያዘ። መጀመሪያ የመታው እሱ ነው፤ ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች። ጠጠሯን ከፍ አድርጌ ጣልኳት። ቋ! ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። አባቴ ግን ጆሮውን ቀና አደረገ፣ ዘፈን እንደሰማ ሰው።

እኔ ስመታ ደግሞ እሱ የኔን ጠጠር የሚጥልበትን ኃይል ብታዩ! ቆርቆሮውን ሊበሳው ነበር። ለካ አባቴ ሲጫወት እንዲህ ነው። ሲያሸንፍ እንዳየሁት አይነት ዝምተኛ ሰው አልነበረም፤ ያላግጣል፣ ይዝታል፣ ኳሴ ግመል መሃል ስትገባ «እዚያው ተቀመጪ፣ ወተት ያጠጡሻል» ይለኛል። እኔም አልተኛሁለትም። ስንሳሳቅ፣ ስንነካከስ ግማሹን ሄድን። ማን እንደሚመራ አናውቅም ነበር፤ ቆርቆሮዎቹ ግን እኩል እየከበዱ ነበር።

ከዚያ የአባቴ ኳስ እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ወደዚያ እየሄድን ሳለ ቁጥቋጦው ኮሽ አለና ኳሷ እየተንከባለለች መጥታ ጥሩ ቦታ ላይ ቆመች። ከቁጥቋጦው ጀርባ ባለ ክላክሱ ሹፌር እጁን እያሻሸ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ብቅ አለ። ክንዱ ተጫጭሯል።

አባቴ አላየም። ሌላው ሕዝብ ሁሉ አየ፣ ሁሉም ዝም አለ። ደስ የሚል ዝምታ ነበር፣ የተስማማ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

«መልሳት!» አልኩ።

«ምኗን?» አለ ሹፌሩ።

«ኳሷን ወደ ነበረችበት እሾህ መልሳት! አሁን!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አባትሽ እኮ ናቸው!» አለኝ። በሹክሹክታ ሊናገር ፈልጎ ነበር፣ በሱ ድምፅ ግን ማዶ ድረስ ተሰማ። ከጋቢናዋ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ምን አይነት ልጅ ናት!» አለ። እናቴን አላየኋትም፣ ለማየትም አልደፈርኩም።  ሹፌሩ ኳሷን አንሥቶ፣ እየተራገመ፣ ክንዱን ሁለተኛ እያስወጋ መልሶ አስገባት።

አባቴ ቁጥቋጦው ውስጥ ጎንበስ አለ። መታ፣ ኳሷ ንቅንቅ አላለችም። ቋ። ደግሞ መታ፣ ወጣች። ቋ። ቀና ሲል ኮፍያው እሾህ ላይ ቀርቷል፣ ግንባሩ ተጭሯል፣ ፊቱ ደግሞ እንዲያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ እሱ ከተተ። ለኔ አንዲት ምት ቀረችኝ፣ ከጥቁሩ ጫፍ፣ ረዘም ያለች። ጥቁሩን በጣውላ ጠረግኩ።  ብስታት ማንም አይጠረጥረኝም፤ እውነቱን ለመናገር እጄ ሊስታት ፈልጎ ነበር። እናቴን አየኋት። እሳቱ ጋ፣ የማንቆርቆሪያውን እጀታ ጭብጥ አድርጋ ይዛ ቆማለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ አባቴ። «ሻዩ ይበርዳል።»

መታሁ። ኳሷ ጥቁሩ ላይ መስመሯን እየተወች ሄዳ ገባች። ያጨበጨበ የለም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የተሰማው አባቴ የመጨረሻዋን ጠጠሬን ሲጥል ብቻ ነበር።

ቆርቆሮዎቹ ኮፈኑ ላይ ተገለበጡ። ባለሥልጣኑ ነው የቆጠረው፤ ጥንድ ጥንድ እያደረገ፣ አንድ የኔ አንድ የሱ፣ ወደ ጎን ገፋቸው። መጨረሻ ላይ ኮፈኑ ላይ ጥንድ የሌላት አንዲት ጠጠር ቀረች። የአባቴ ነበረች። አሸንፌዋለሁ።

ሰዉ አቀረቀረ። ሹፌሩ ፊቱን አዞረ። አባቴ ወደ ኮፈኑ ተጠጋ፣ ዓይኑን አጥብቦ አየ፣ ከዚያ በጣቱ ዳበሳት። አንሥቶ ለሕዝቡ አሳየ።

«ይቺ የእሾሁ ናት!» አለ። «አውቃታለሁ! የእሾሁ ናት!» ድምፁ ተሰበረ፣ ደግሞ ሣቀ፣ እያለቀሰም ነበር። «ሁሉም አሉ! አንዲት እንኳ አልጎደለችም!»

ጠጠሯን ኪሱ ከተታትና ሄደ። ወደ ጋቢናዋ አይደለም። ተሸናፊዎቹ የሚቀመጡበት ጎማ ላይ፣ ከሹፌሩ አጠገብ፣ ጠጋ በል ብሎት ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ባለሥልጣኑ፣ ቀጥሎ ቦዳ ቦዳዎቹ፣ ከዚያ ሁሉም ማጨብጨብ የጀመሩት። ሹፌሩ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን ሰጠችኝ። በደንቡ መቅዳት የሚጀመረው በመጨረሻ ከተሸነፈው ሰው ነው። ለአባቴ ቀዳሁለት። ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ተነፈሰበት፣ ፉት አለ። ሰዉ ሁሉ አፉን ያየዋል። ዋጠ። ፊቱን ጨመደደ።

«ምነው?» አለች እናቴ።

«ስኳር በዝቶበታል» አለ።

«ምን?»

«በጣም በዝቶበታል። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ነበር የምታፈዪላቸው?»

እናቴ ዞር ብላ ጎማዎቹ ላይ የተደረደሩትን አየች። ሹፌሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። ባለሥልጣኑ አሳለው። አንዱ ነጋዴ፣ «ኧረ ደኅና ነው እትዬ፣ ትንሽ ብቻ...» ብሎ ሳይጨርስ ተወው። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ትከሻዋ ነበር የተንቀጠቀጠው፤ ተቆጣች ብዬ ፈራሁ፣ ለካ ሣቅ ነው። ጎማው ላይ ያለው ሁሉ ተከተላት፤ የሹፌሩ ሣቅ ግመሎቹን አስደነበራቸው።

አባቴ ያን ሁሉ ሣቅ አልተከተለም። ስኒውን ጨልጦ ወደ እኔ ዘረጋው።

«ድገሚኝ» አለኝ።